በናፖሊ ከተማ በአደባባይ ስለ መብላትና ስለ መጠጣት

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሲበላ የሚያየው ቤተ ሰቡ ብቻ ነው፤ በአደባባይ ሲበላ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። በቤቱ ቢያጠፋ እናቱ ትሸፍንለታለች፤ በሰው አገር ቢያጠፋ ግን የሚያፍረው እርሱ ብቻ አይደለም፥ ያሳደጉትም ሁሉ አብረውት ይታማሉ። ስለዚህ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶቻችን ከመጽሐፍ ትምህርት ጋራ የማዕድ ትምህርት ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው ብለን፥ አንዲት ከተማ ምሳሌ አድርገን ይህን ጽፈናል። ከተማይቱም በኢጣልያ አገር ያለችው ናፖሊ ናት። ዓመታቱን ሁሉ የቈጠርነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ናፖሊ በባሕር ዳርቻ የተቀመጠች፥ ፀሐይ የሚበዛላት ከተማ ናት። በስተ ምሥራቋ ቬሱቪዮ የተባለው የእሳት ተራራ ይታያል፤ በፊቷም ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ተዘርግቶላታል። ጥንት የቈረቈሯት ግሪኮች ነበሩ፤ ስሟም በልሳናቸው «አዲስ ከተማ» ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ1224 በንጉሠ ነገሥት ፍሬዴሪክ ዳግማዊ የተመሠረተ ነው፤ «ሎሪየንታሌ» የተባለውም ሌላው ትምህርት ቤቷ የእስያንና የአፍሪቃን ልሳናት የሚያስተምር ሲሆን አማርኛችንም በዚያ ይሰጣል። ዳሩ ግን የዚህችን ከተማ ስም ሲሰማ ልቡ የሚከብደው ኢትዮጵያዊ ቢኖር አያስደንቅም፤ በ1935 አገራችንን ለመውጋት ወደ ምጽዋ ከተላኩት ወታደሮች ብዙዎቹ በመርከብ የተሳፈሩት ከዚህችው ወደብ ነበርና። ይህን ማንሣታችን ቂም ለማደስ አይደለም። በዚያች ከተማ ማዕድ የሚቀርብ ሰው የት እንደ ተቀመጠ ዐውቆ፥ አንገቱን ሳይደፋ፥ ሳይታበይም እንዲቀመጥ ብለን ነው።

ከናፖሊ በስተ ምዕራብ ፖትሱዎሊ የምትባል ትንሽ ወደብ አለች። በሐዋርያት ሥራ በመጨረሻው ምዕራፍ ፑቲዮሉስ የተባለችው እርስዋ ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮሜ ሲወሰድ በዚያ ወንድሞችን አገኘ፤ እነርሱም ለምነውት 7 ቀን ከእነርሱ ጋራ ተቀመጠ። በእነዚያ ቀኖች ምን እንደ ቀረበለት መጽሐፉ አልነገረንም። ነገር ግን እስረኛን እንግዳ አድርገው ለመቀበል ያላፈሩ ሰዎች በዚያ ዳርቻ እንደ ነበሩ ከዚህ እናውቃለን።

ከቤት ውጭ መብላትም በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ79 ዓመተ ምሕረት ቬሱቪዮ ፈንድቶ ፖምፔይ የተባለችውን ከተማ በአመድ ሲቀብራት፥ ትኩስ ምግብ የሚሸጥባቸው ሱቆች እንደ ነበሩ ተቀበሩ። ከነዚህ አንዱ ተቈፍሮ ወጥቶ በ2020 መጨረሻ ለዓለም ታወቀ፤ በባንኮኒው ፊት ዳክዬዎችና ዶሮ፥ ደግሞም በማሰሪያ የታሰረ ውሻ ተሥለውበታል። በባንኮኒው ውስጥ በተተከሉት የሸክላ ጋኖችም የዳክዬ፥ የእሪያ፥ የፍየል ወይም የበግ፥ የዓሣና የቀንድ አውጣ ትርፍራፊ ተገኘ። የወይን ጠጅ በነበረበት ጋን ግርጌ የተፈጨ ባቄላ ነበረ፤ ይህም የጠጁን ጣዕምና ቀለም ለማሳመር ይጨመር ነበር ይላሉ። እንግዲህ ለገበያተኛ የሚቀርብን ጠጅ በልዩ ልዩ ነገር ማሳመር በኛ አገር የተጀመረ ጥበብ አይደለም።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ እንግዳ በናፖሊ አስቀድሞ የሚቀምሰው እርሱን ነውና። ቡና የአገራችን ተክል ነው። በኛ ዘንድ ቡና የሚፈላው ጎረቤት ተጠርቶ፥ ዕጣን ተጢሶ፥ አቦልና ቶና በረካም እስኪጠጣ ድረስ ተቀምጦ ነው። በናፖሊ ግን ሰው ቡናውን የሚጠጣው በባንኮኒ ፊት ቆሞ፥ በሁለት ወይም በሦስት ጉንጭ ነው። ሲኒው ትንሽ ነው፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ቈይቶ የወጣ ስለሆነ ከንፈር ያቃጥላል። ከቡናው ጋራ ብርጭቆ ውሃ ይሰጣል፤ ይህን ውሃ አስቀድሞ መጠጣት የከተማይቱ ልማድ ነው፥ አፍ ጠርቶ የቡናውን ጣዕም እንዲቀበል። በአንዳንድ ቤት ስኳሩ አስቀድሞ ተጨምሮ ስለሚቀርብ መራራውን የሚወድ «አማሮ» ብሎ ያዝዛል። ደግሞም በአዲስ አበባ ማኪያቶ ማዘዝ የለመደ ሰው በናፖሊ የሚቀርብለት ማኪያቶ እጅግ ትንሽ መሆኑን አይቶ የተታለለ አይምሰለው፤ «ላቴ» ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነም ብርጭቆ ወተት ብቻ ቢያመጡለት አይቈጣ፥ ቃሉ በልሳናቸው ወተት ማለት ነውና።

በብዙ ቡና ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ለገንዘብ ተቀባዩ ከፍለህ ደረሰኝ ትቀበላለህ፤ ደረሰኙን በባንኮኒው ላይ አኑረህ ለቡና ቀጂው ሰላምታ ሰጥተህ ታዝዛለህ። የናፖሊ ሰዎች በደረሰኙ ላይ 10 ወይም 20 ሳንቲም የማኖር ልማድ አላቸው፤ ግዴታ አይደለም፥ ነገር ግን ቡና ቀጂው ያስተውለዋል። ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ በባሕሩ ፊት ወይም በትልቅ አደባባይ ዳር ባለ ወንበር የተቀመጠ ሰው ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለሚያየው ሰማይም የከፈለ ያህል ነው። የዋጋው ዝርዝር ተጽፎ ይገኛልና ከመቀመጥህ በፊት አንብበው። ከተቀመጡ በኋላ አንብቦ መነሣት ይከብዳል፤ ይህንም ወደ ፊት እናየዋለን።

ቡና ቤት የወሬም ቦታ ነው። በ1860 የተከፈተው ስመ ጥሩው ጋምብሪኑስ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የሚሰበሰቡበት ነበር፤ በ1938 የፋሺስት መንግሥት ተቃዋሚዎቹ የሚገናኙበት ነው ብሎ ዘጋው፥ ክፍሎቹም ለባንክ ተሰጡ። ዛሬ ግን እንደ ገና ክፍት ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ፥ ያ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን የቡና ወሬ እንኳ ይፈራ እንደ ነበረ ያስተውላል።

ስለ ምግቡ ስንናገር ከፒዛ እንጀምራለን። ፒዛ የድኾች ምግብ ነበረ፤ ማቲልዴ ሴራዎ የተባለችው ጸሐፊ በ1884 ባሳተመችው መጽሐፍ በየመንገዱ ማዕዘን በቁራሽ በቁራሽ እየተቈረሰ በጥቂት ሳንቲም እንዴት ይሸጥ እንደ ነበረ ጽፋለች። በ1889 ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ፒዛ ጋጋሪ ለንግሥት ማርጌሪታ ቲማቲም፥ አይብና በሶብላ ያለበትን ፒዛ አቀረበላት፥ ስሙም በስሟ ተጠራ ይባላል፤ የታሪክ መርማሪዎች ግን ነገሩን ይጠራጠሩታል። ዛሬ የናፖሊ ፒዛ በአውሮፓ ሕግ የተመዘገበ ሥርዓት አለው፤ ስፋቱ ከ35 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፥ በእንጨት እሳት በጋለ ምድጃ በ485 ዲግሪ ሙቀት ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ይጋገራል። የጋጋሪዎቹንም ጥበብ ዩኔስኮ በ2017 በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል።

ለሚጾም ወንድማችንና እኅታችን ይህን እንንገር፤ «ማሪናራ» የተባለው ፒዛ ቲማቲም፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ኦሪጋኖና ዘይት ብቻ ያለበት ስለሆነ አይብም ሥጋም አይነካውም። ስሙ ከመርከበኞች የመጣ እንጂ ዓሣ ያለበት አይደለም። የባቄላና የአደንጓሬ ሾርባ ግን የጾም ቢመስልም የእሪያ ስብ የሚገባበት ጊዜ አለና ጠይቆ መብላት ይሻላል። አሳላፊው ቢጠየቅ አይሰለችም፤ ሥራው ነውና። ሳይጠይቁ በልተው ኋላ ፊት ማጥቈር ግን በእርሱ ላይ ግፍ ነው።

በናፖሊ ገበታ ለያንዳንዱ ሰው ሳሕኑ ለየብቻው ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ያደገ ሰው የባልንጀራውን ፒዛ ሊቈርስ እጁን ቢዘረጋ ነውር ይሆናል፤ ጉርሻም ቢያቀርብ፥ ፍቅሩን የሚያውቅለት እስኪገኝ ድረስ ሰዎቹ ይደነግጣሉ። ፒዛውን በሹካና በቢላዋ ወይም አጥፎ በእጅ መብላት ሁለቱም የተፈቀደ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚሸጠው በአራት ታጥፎ እንደ ገንዘብ ቦርሳ ሆኖ ይሰጣል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። የኛን ወጣት በውጭ አገር ማዕድ ላይ የሚጥለው ሆዱ አይደለም፥ «ምን ይሉኛል» ማለቱ ነው። አንድ ተማሪ ለወሩ በቈጠራት ገንዘብ ይኖራል እንበል። ባልንጀሮቹ ማታ በባሕሩ ዳር ወዳለው ምግብ ቤት ይጠሩታል፤ እምቢ ቢል ድኻ ነው ይሉኛል ብሎ ይሄዳል። የምግቡን ዝርዝር ሲያነብ ዋጋው ያስደነግጠዋል፤ ተነሥቶ ቢሄድ ያፍራል፥ ርካሹን ቢያዝዝ ያፍራል፥ ስለዚህ ሌሎቹ ያዘዙትን ዓሣ ያዝዛል። ውሃው በጠርሙስ ይመጣል፥ ይከፈልበታል። ለዳቦና ለገበታው ጨርቅ «ኮፔርቶ» የሚባል ክፍያ በያንዳንዱ ሰው ራስ ይቈጠራል። በመጨረሻም ሒሳቡ በሰው ቍጥር እኩል ይካፈል ይባላል፤ ጥቂት የበላውና ብዙ የጠጣው እኩል ይከፍላሉ። ከዚህም የባሰ አለ፤ በአገራችን ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» ብሎ መታገል ጨዋነት ስለሆነ፥ ይህ ምስኪን ልማዱ አስቸግሮት እጁን ወደ ኪሱ ይሰድዳል። የናፖሊም ሰዎች በቡና ዋጋ እንዲሁ ይታገላሉና ትግሉን ያውቁታል፤ አንዳንድ ጊዜም ለቀውለት ያሸንፋል። ያን ጊዜ የወሩ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ በማግሥቱ ብድር ይጀምራል፤ ለአባቱም የመጽሐፍ ዋጋ ጐድሎኛል ብሎ ይጽፋል። ምግቡ አንድ ሌሊት ነበረ፥ ሐሰቱ ግን በደብዳቤ ተጽፎ አገር ቤት ደረሰ። አባቱም በሬ ሸጦ ይልክለታል።

ይህን ወጣት በስስት አንከስሰውም፤ ስስታም ቢሆን ኖሮ ባልተቸገረ ነበር። የምንለው ይህ ነው፤ ከመሄዱ በፊት «ዛሬ ቡና ለመጠጣት እመጣለሁ፥ እራት ግን አልበላም» ማለት ይቻለው ነበር። በናፖሊ ይህን ያለ ሰው አይናቅም፤ ከተማይቱ ድኽነትን የምታውቅ ናትና። «ዛሬ ብላ፥ በ8 ቀን ክፈል» ተብሎ ፒዛ በዱቤ የሚሸጥበት ልማድ ነበራት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ምድጃ በፈረሰበትና ሁሉ በተቸገረበት ጊዜ ሴቶች በየቤታቸው ደጅ ሊጡን በዘይት እየጠበሱ እንዲህ በዱቤ ይሸጡ ነበር፤ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1954 በሠራው «የናፖሊ ወርቅ» በተባለው ፊልም ይህ ይታያል። ዳሩ ግን ያ ዱቤ በ8 ቀን የሚከፈል፥ ሻጪቱም ገዢውን በስሙ የምታውቀው ዱቤ ነበረ። የተማሪያችን ብድር እንዲህ አይደለም።

ስለ መጠጥ ደግሞ ጥቂት እንናገር። በዚያ አገር የወይን ጠጅ ከምግብ ጋራ ይቀርባል፤ የአገሩ ሰው አንድ ብርጭቆ ይዞ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል፥ በአደባባይ ሰክሮ መታየትም ነውር ነው። በባዶ ሆድ በላይ በላዩ መጠጣትን እዚያ ተማርን የሚሉ ወጣቶች ካሉ፥ ከአገሩ ሰው አልተማሩትም። በቬሱቪዮ ግርጌ ከሚበቅለው ወይን የሚጠመቀው ጠጅ «ላክሪማ ክሪስቲ» ይባላል፥ የክርስቶስ እንባ ማለት ነው። ጌታ ያንን ያማረ ዳርቻ አይቶ አለቀሰ፥ ከእንባውም ወይኑ በቀለ የሚል ተረት አላቸው። ተረቱ ያምራል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ስም በጠርሙስ ላይ ጽፎ በዋጋ መሸጥ ለኛ ጆሮ ይከብዳል። የጠጁን መልካምነት ለሚያውቁት ትተናል።

ላልለመደ ሰው አስጊው ግን ጠጅነቱ የተሰወረው ነው። ከእራት በፊት በፀሐይ መጥለቂያ በየአደባባዩ የሚቀርበው «ስፕሪትስ» ቀለሙ የብርቱካን ጭማቂ ይመስላል፤ ነገር ግን ከወይን ጠጅና ከመራራ አልኮል የተቀላቀለ ነው። «ሊሞንቼሎ» የተባለው ከሎሚ ልጣጭ የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ እንደ አረቄ የበረታ ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ ከምግብ በኋላ ይሰጣል፥ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ በነጻ ይጋብዛል። «ባባ» የተባለውም ለስላሳ ኬክ በሩም የራሰ ነው፤ መጠጥ የማይነካ ሰው ኬክ ነው ብሎ ጐርሶ ፊቱ ሲለዋወጥ ባልንጀሮቹ ይሥቃሉ። እነዚህን አስቀድሞ ማወቅ ይበቃል።

የማይጠጣ ሰው እንዴት እምቢ ይበል? በአጭር ቃል፥ በፈገግታ፥ ምክንያት ሳያበዛ። ምክንያት ባበዛህ መጠን ክርክር ትከፍታለህ፤ የሌላውንም ብርጭቆ እያየህ ስለ ስካር ብትሰብክ ማዕዱን ታቀዘቅዛለህ። በልቶ ለሚጠጣው የተዘጋጀ ገበታ የስብከት ቦታ አይደለም። ጥቂት የሚጠጣም ሰው ብርጭቆውን ባዶ አያድርግ፤ በኛ አገር እንደ ሆነው ሁሉ ባዶ ብርጭቆ ያየ ጋባዥ ይሞላዋልና። በውሃ ጽዋ ማንሣትን በዚያ አገር ገድ የለሽ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ አንተ ግን ውሃህን አንሥተህ መልካም ምኞት ብትመኝላቸው ምኞትህ አይረክስም።

ደግሞም ናፖሊ ለማይጠጣ ሰው የራሷ መጠጥ አላት። በየመንገዱ ዳር ባሉ ትንንሽ ሱቆች ሎሚ ተጨምቆ የሚፈላ ማዕድን ውሃ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ሻጩ ቢካርቦናት ሲነሰንስበት አረፋው ከብርጭቆው ገንፍሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ጠጪው ልብሱ እንዳይርስ እግሮቹን ከፍቶ ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፤ የመጠጡም ስም ከዚሁ አቋቋም ወጥቷል። ክብሩን የሚወድ ሰው ሲያየው ይሸሻል። እኛ ግን በፀሐይ ለደከመ ሰው ከዚህ የተሻለ እናገኛለን ብለን አናስብም።

ስለ ውሃና ስለ ንጽሕና ከተማይቱ በመከራ ተምራለች። በ1884 ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ በ1885 ከሴሪኖ ምንጮች ንጹሕ ውሃ በቦይ ተሳበላት። በ1973 በጋም ኮሌራው እንደ ገና ታየ፤ ምክንያቱ ዛጎል ለበስ የሆኑ ጥቍር የባሕር እንስሳትን ጥሬውን መብላት ነው ተባለ፥ በወደቡ አጠገብ በሳንታ ሉቺያ ይረቡበት የነበረው ስፍራም እንዲፈርስ ተደረገ። በጥቂት ቀኖች ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረጅም ሰልፍ ቆሞ ክትባት ተቀበለ። ከዚያ ቀደም በሸክላ ገንቦ ይሸጥ የነበረው የድኝ ሽታ ያለው የምንጭ ውሃም በዚያው ጊዜ ተዘጋ፤ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይናፍቁታል። ጥሬ ሥጋ ወዳድ የሆንን እኛ ይህን ታሪክ ስንሰማ ዝም ብለን ብናልፍ አይገባንም፤ ሰው የለመደውንና የሚወደውን ምግብ ለጎረቤቱ ጤና ብሎ መተው ይቻለው እንደ ሆነ የሚታየው በእንዲህ ያለ ቀን ነውና።

አንድ ነገር ይቀረናል። በናፖሊ «ካፌ ሶስፔዞ» የሚባል ልማድ አለ፤ በይደር የቈየ ቡና ማለት ነው። ደስ ያለው ሰው ቡና ቤት ገብቶ አንድ ይጠጣና የሁለት ቡና ዋጋ ይከፍላል። ሁለተኛው ለማይታወቅ ሰው የተተወ ነው። በአንዳንድ ቤት ደረሰኙን በትልቅ የቡና ማፍያ ውስጥ ይጥሉታል። ልማዱ በጦርነቱ ዘመን ችግር በበዛ ጊዜ እጅግ ጠንክሮ፥ ኋላም እየላላ መጥቶ ነበር፤ ሉቺያኖ ዴ ክሬሼንዞ የተባለው የከተማይቱ ተወላጅ በ2008 በስሙ መጽሐፍ ጻፈለት፥ ከዚያም ወዲህ ወደ ሌላ አገር ተዛምቷል። ሰጪው ተቀባዩን አያይም፤ ተቀባዩም ለማን እንደሚያመሰግን አያውቅም። በኛ አገር ደጅ ለቆመ ሰው እህል ሲሰጥ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፥ ምርቃቱም በዚያው ይደርሳል። የትኛው ይበልጣል ብለን አንከራከርም።

ያ ገንዘቡን በአንድ ሌሊት የጨረሰው ተማሪ፥ ለአባቱ የሐሰት ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፥ በማግሥቱ ማለዳ በአንድ ቡና ቤት ደጅ ሲያልፍ እናስበው። በሩ ላይ ልብሱ ያረጀ ሽማግሌ ቆሞ «በይደር የቈየ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቡና ቀጂው ደረሰኞቹን ያያል፥ «አለ» ይለዋል፥ ለሌሎቹ እንዳደረገው ሁሉ ሲኒውን ከፈላው ውሃ አውጥቶ ይቀዳለታል። ሽማግሌው በባንኮኒው ፊት እንደ ማንም ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃውን አስቀድሞ ይጠጣል፤ ቡናውን በሦስት ጉንጭ ይጨርሳል፤ ሲኒውን ወደ ቡና ቀጂው መልሶ አመስግኖ ይወጣል። ተማሪውም ኪሱን ይዳስሳል፥ አንዳች አላገኘም፤ ጥቂት ያመነታና ገብቶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።